ከነቀኑ ጻፉት

ለወሎ ወጣቶች፤ እንደምን ከርማችኋል?

ዕድሜዬን የጨረስኩት በወሎ ደጋና ቆላ በግብርና ባለሙያነት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ ነገር ይመላለስብኛል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚወለዱት ስለ እኛ ምን ይሉ ይሆን? ወጣቶችን ስጠይቅ «ይፈርዱብናል» ይሉኛል። ይፍረዱ። እኔን የሚያስጨንቀኝ በምን ማስረጃ እንደሚፈርዱ ነው።

የ1965 እና የ66ቱን ረሃብ አስቡት። ዝናቡ ቀረ፤ መንግሥት ደግሞ ረሃቡን ደበቀው። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ፎቶግራፍ ይዘው ወጡ። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ሰማ። ያንን ዘመን ዛሬም የምናየው በእነዚህ ሰዎች ዓይን ነው። በሬውን ሸጦ፣ ልጁን አዝሎ ወደ አስፋልቱ የወረደው የራያና የየጁ ገበሬ በራሱ አፍ የተናገረው ግን የት አለ? የብዙዎቹ ስም እንኳ አልተያዘም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የጽሕፈት ድሃ ሆነን አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ መጽሐፍ ሲጻፍ ኖሯል፤ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ የገዳሙ ንብረት ይመዘገብ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ዛሬ የሚፈልጋት ያችን ጥቂት መስመር ነው። የሼህ ሁሴን ጅብሪል ትንቢት ግን ከአፍ ወደ አፍ ስለመጣ፣ የትኛው የእሳቸው፣ የትኛው በኋላ የተጨመረ እንደሆነ መለየት ከባድ ሆኗል።

ከሙያዬም ልንገራችሁ። በ1970ዎቹ በምግብ ለሥራ ብዙ ተራራ ተከለለ፣ እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ከደኑ ብዙው ተጨፈጨፈ። የቢሮ ወረቀት የሚነግራችሁ የችግኙን ብዛት ነው። ገበሬው ለምን መጥረቢያ አነሳ? ግጦሹ ተከልክሎበት ነበር፤ ዛፉንም የመንግሥት ነው እንጂ የእኔ ነው አላለም። ይህን ከራሱ ያልሰማ ሰው ያንን ትውልድ «አጥፊ» ብሎ ያልፈዋል፤ ይህ ግፍ ነው።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ያያችሁ ብዙ ናችሁ። ሳይደበዝዝ ጻፉት፤ የወገናችሁንም ጥፋት አትዝለሉ። ያያችሁትን «አየሁ»፣ የሰማችሁትን «ሰማሁ» በሉ። በስልክ የተያዘ ቪዲዮ ስልኩ ሲበላሽ ይጠፋል፤ ቀንና የቀበሌ ስም ከሌለው ደግሞ ማንም የፈለገውን ታሪክ ይለጥፍበታል። ደብተር ይሻላል። ክፉ ቀን ብቻ አትመዝግቡ፤ የደላንታና የዋድላ ልጆች በልጉ የገባበትን ቀን፣ የከተማ ልጆች የጤፉን ዋጋ፣ ምንጭ የደረቀበት ሰፈር ያላችሁ ወሩን ጻፉ። ትንሽ ይመስላል፤ አብሽሩ፣ የሚፈልገው ሰው ይመጣል።

በ66 ወጣት የነበሩት ዛሬ ሰባን አልፈዋል። ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ተቀመጡ። በሬው ስንት ተሸጠ? በየት በኩል ወረዳችሁ? እህል ያካፈላችሁ ማን ነበር? መንገድ ላይ የቀረውስ የማን ልጅ ነው? ማልቀስ ከጀመሩ ተዉትና ሌላ ቀን ተመለሱ። የሚነግሯችሁን በራሳቸው አነጋገር ጻፉት፤ አታሳምሩት።