ካርታው ሲቀየር ልጄ የት ትማራለች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ትልቋ ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። ካውንቲው የሃይስኩሎችን ክልል እንደገና ሊያካልል መሆኑን ሰማሁ። በረቂቅ ካርታው ላይ የእኛ ሰፈር ከጓደኞቿ ሰፈር ተለይቶ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዷል። እኔና ባለቤቴ ሁለት ሁለት ሥራ ሠርተን ቤቱን እዚህ የገዛነው ለትምህርት ቤቱ ብለን ነው። ባለቤቴ ግን “ተይው፣ የጨረሱት ነገር ነው፣ እኛን ማን ይሰማናል” ይላል። እውነት ነው? የሁለት ልጆች እናት ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህስ ከባለቤትሽ ጋር አልስማማም። ረቂቅ ካርታ ውሳኔ አይደለም። ድምፅ የሚሰጠው የሞንጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ ነው። ስምንት አባላት አሉት፣ አንዱ ራሱ ተማሪ ነው፣ እሱም በክልል ጉዳይ ላይ ድምፅ ይሰጣል። ከድምፁ በፊት ወላጆች የሚናገሩበት ስብሰባ አለ።

ለምን ይቀየራል ካልሽ፣ ካውንቲው ወደ 160 ሺህ ተማሪ አለው፤ ተማሪው ግን በየትምህርት ቤቱ እኩል አልተከፋፈለም። ብሌር ሃይስኩል ብቻውን ከ3,000 በላይ ይዟል። አንዱ ጋ ልጆች ውጭ በተደረደሩ ፖርተብል ክፍሎች ይማራሉ፣ ሌላው ጋ ቦታ ይተርፋል። የአሁኑን ጥናት ያመጣው ደግሞ ሮክቪል ውስጥ እንደ አዲስ የተሠራው ውድዋርድ ሃይስኩል ነው። የኖርዝዉድ ሃይስኩል ልጆች የራሳቸው ሕንጻ ተሠርቶ እስኪያልቅ ከ2024 ጀምሮ እዚያ እየተማሩ ነው። በዕቅዱ መሠረት በ2027 ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ ውድዋርድ የራሱ ተማሪ ያስፈልገዋል፣ ያ ተማሪ ደግሞ የሚመጣው ከጎረቤት ትምህርት ቤቶች ክልል ተቆርጦ ነው። የእናንተን ሰፈር ለይቶ የተነሳበት ሰው የለም፣ ይህን በልብሽ ያዢው።

የቦርዱ መመሪያ አራት ነገር እዩ ይላል። የተማሪዎቹ ስብጥር፣ ርቀት፣ ልጆች ቶሎ ቶሎ እንዳይዛወሩ፣ ሕንጻው ምን ያህል እንደሞላ። የቤት ዋጋ ከአራቱ ውስጥ የለም። ልፋታችሁን አቃልዬ አይደለም፣ ሁለት ሥራ ሠርቶ ቤት መግዛት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ማይኩን ስትይዢ ያለሽ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ እሱን በቤት ዋጋ አትጨርሺው።

ይልቅ ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት የሚወስደውን መንገድ በእግርሽ ሂጂበት። እኔ አንድ ጎረቤቴን ይዤ በዲሴምበር ጠዋት ሰባት ሰዓት ላይ ሞክሬዋለሁ። ሃይስኩል የሚጀምረው 7:45 ስለሆነ ልጆቹ የሚወጡት በጨለማ ነው። ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ የሚባለውን መንገድ ለመሻገር የእግረኛ መብራቱን ቁልፍ ተጭነን ቆምን፣ መኪናው እየበረረ ያልፋል፣ አጠገባችን ኮፍያውን ያጠለቀ ልጅ መብራቱን ሳይጠብቅ ሮጦ ተሻገረ። ጎረቤቴ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። በስብሰባው ላይ ይህንኑ ተናገረች፣ የመንገዱን ስም፣ ሰዓቱን፣ የፈጀባትን ደቂቃ ጠርታ። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነው የሰማት።

ደግሞ ይህን እወቂ፦ የሃይስኩል ተማሪ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ በ2 ማይል ውስጥ ከሆነ በደንቡ ባስ አያገኝም። ለሚድል ስኩል 1.5፣ ለአንደኛ ደረጃ 1 ማይል ነው። ስለዚህ አዲሱ ትምህርት ቤት 1.8 ማይል ላይ ከሆነ ልጅሽ ባስ የላትም ማለት ነው። 2.5 ከሆነ ባሱ ይመጣል፣ ግን በስንት ሰዓት? ሁለቱንም ለክታችሁ ሂዱ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ በጽሑፍም መላክ ይቻላል። ካውንቲው ለወላጆች የሚያወጣውን መረጃ በአማርኛም ይተረጉማል፣ ስለ አስተርጓሚ አስቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ።

ከተወሰነ በኋላስ? ከፌብሩዋሪ መጀመሪያ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ድረስ የምድብ ለውጥ፣ ማለትም ልጅሽ ከተመደበችበት ሌላ ትምህርት ቤት እንድትማር፣ ማመልከት ይቻላል። ግን በር የሚከፍቱት ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፣ ዋናዎቹ ታላቅ ወንድም ወይም እህት እዚያው ሲማር፣ ወይም ቤተሰቡ ልዩ ችግር ሲኖርበት ነው። ጓደኞቿ እዚያ ናቸው ብትይ አይቀበሉሽም። ቢፈቀድም ማመላለሱ የእናንተ ነው፣ ባስ የለም። ስፖርተኛ ከሆነችም የአንድ ዓመት ውድድር ሊያልፋት ይችላል። የሁለት ሥራ ሰዎች ናችሁና ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ጠዋት ማን እንደሚያደርሳት ተነጋገሩ።

ልጅቷንም ጠይቂያት። የ8ኛ ክፍል ልጅ ከእኛ ንግግር ብዙ ነገር ሰምታ ዝም ትላለች።

ጥያቄ (ከሌላ ወላጅ)፦ ወንድሜ የሚኖረው በፈለግነው ትምህርት ቤት ክልል ውስጥ ነው። ልጄን በእሱ አድራሻ ባስመዘግበውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አታድርገው። ከተደረሰበት ልጁ ዓመቱ መሀል ላይ ከጓደኞቹ ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል፣ የሚያፍረውም እሱ ነው። ግን በእርግጥ ወንድምህ ቤት ቤዝመንት ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በጋራ ቤት ለሚኖሩ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ፎርም አለ። ወንድምህ የቤቱን ማስረጃ ይዞ ከአንተ ጋር ይሂድና ትምህርት ቤቱ ቢሮ ጠይቁ።