የሳልሞን ጫጩት የበረዶውን ወራት የት ያሳልፋል?

ጥያቄ፦ በኖርዌይና በካናዳ ወንዞች ላይ በረዶ ሲጋገር የሳልሞን ጫጩቶች እንዴት ይተርፋሉ? ለምንስ ወደ ባሕር አይወርዱም? (ከጎንደር፣ አዘዞ)

መልስ፦ ለባሕር ገና አልደረሱም። የአትላንቲክ ሳልሞን ጫጩት ጨው የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሲረዝም ነው። በደቡቡ ሞቅ ያሉ ወንዞች ለዚህ 1 ወይም 2 ዓመት ይበቃዋል፤ በሰሜን ግን 4 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ውሃው ከ6 ወይም 7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ እድገቱ ስለሚቆም ነው።

በሞቃቱ ወራት አዲስ ተፈልፍሎ ከወለሉ ጠጠር የወጣው ጫጩት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ይውላል። ትልቁ ወደ ጠለቅና ፈጠን ወዳለው ውሃ ገብቶ ከድንጋይ ኋላ ቦታ ይይዛል፤ ወራጁ የሚያመጣለትን ነፍሳት እየለቀመ የተጠጋውን ሁሉ ያባርራል። ሙቀቱ ወደ 8 ዲግሪ ሲጠጋ ጠባዩ ይገለበጣል፤ ቀን ድንጋይ ሥር ገብቶ ሌሊት ብቻ ይወጣል። ብርድ ዓሣውን ያዘገየዋል፣ አዳኞቹን ወፎችንና ሚንክን (ዓሣ የሚያድን ትንሽ ጸጉራም አውሬ) ግን ደመ ሞቃት ስለሆኑ አያዘገያቸውም። ስለዚህ በበረዶው ወራት ከምግብ ይልቅ ወሳኙ በድንጋዮች መካከል ያለ መሸሸጊያ ጉድጓድ ነው።

የላዩ በረዶ ጣሪያ ስለሚሆነው እንዲያውም ይጠቅመዋል። የሚጎዳው የታቹ ነው፦ ጣሪያው ሳይሠራ ሰማዩ በጠራ ሌሊት ውሃው ከዜሮ በጥቂቱ ሲወርድ ጥቃቅን የበረዶ ቅንጣቶች ወለሉ ላይ ተጣብቀው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ደለልም ያንኑ ያደርጋል፣ እሱ ግን በፀሐይ አይቀልጥም።

ጥያቄ፦ አንድ የወንዝ ክፍል በቂ መሸሸጊያ እንዳለው እንዴት ይለካል?

መልስ፦ በኖርዌይ የተለመደው ዘዴ ቀላል ነው። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክፈፍ ወለሉ ላይ ያስቀምጡ። 13 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ በድንጋዮቹ መካከል ወዳለው ቀዳዳ ሁሉ ያስገቡ። ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የገባበትን 1፣ ከ5 እስከ 10 የገባበትን 2፣ ከ10 በላይ የገባበትን 3 ብለው ይደምሩ። ድምሩ ከ5 በታች ከሆነ መሸሸጊያው ደካማ፣ ከ10 በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ልኬቱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቱቦውን በኃይል ሲገፉት ነው፤ አሸዋውን ሰርስሮ ይገባና ያልነበረ ጉድጓድ ይቆጠራል። አንድ ክፈፍም ስለ ወንዙ ምንም አይናገርም፤ ከዳር እስከ ዳር ደጋግመው ይለኩና አማካዩን ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ባለው መገጭ ወንዝ ላይ ሳልሞን የለም፤ ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ ትክክል፣ የለም። ዘመዱ ትራውት እንኳ በአገራችን የሚገኘው ከውጭ መጥቶ በተለቀቀባቸው በባሌ ወንዞች ነው። ሆኖም ባርበስ ከሚባሉት የጣና ሐይቅ ዓሦች ብዙዎቹ በዝናቡ ወራት ወደ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል የሚያልፍ አየር ያለው ውሃ ይፈልጋል፤ ከታረሰ ተዳፋት የሚወርድ ደለል ያፍነዋል፣ አሸዋና ጠጠር የሚያወጡ መኪናዎች ደግሞ ወለሉን ራሱን ይወስዱታል። በብርብራ ፍሬ ዓሣ ማስከርም ጫጩቱን አብሮ ይፈጃል።

ቱቦውን መገጭ ላይ መሞከር ይቻላል፣ የ5 እና የ10 ወሰኖች ግን ለሳልሞን የወጡ ስለሆኑ ለባርበስ አያገለግሉም። አንዱን የመገጭ ክፍል ከሌላው፣ ወይም የዘንድሮውን ከአምናው ማወዳደር ይበቃል።