እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላ ሞሩ ለምን ይጨሳል? (ለጠየቀችው እህት)

እህቴ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ሞሩ (ሄዘር የሚባል ቁጥቋጦና ሳር የለበሰው ሰፊ ኮረብታ) ላይ የነበረው እሳት ጠፍቷል ተባለ፣ ዝናብም ጥሏል፣ ግን ማታ ማታ ጭሱ ቤት ይገባል፣ ልጆቹን ይዤ ኮረብታው ላይ ብወጣ ችግር አለው ወይ ነው ያልሽው። አትውጪ። ከላይ ኮመንት ላይ «ዘንቧልኮ አይዞሽ» የሚሉሽ ሰዎች ፒት (ከሞሩ ስር ያለው ጥቁር መሬት) ሲቃጠል አላዩም። እኔ እንደ ፈረንጆቹ በ2018 እዚህ እንግሊዝ፣ ማንቸስተር አጠገብ ያለው ሳድልዎርዝ ሞር ሲቃጠል ከስሩ ያለችው ስታሊብሪጅ ከተማ ነበርኩ፣ ያንቺ ነገር ቁርጥ የኔ ነው።

1. ከመስኮት ያየሽው ነበልባል ዋናው እሳት አይደለም። እሱ ሄዘሩና ሳሩ ነው (ሄዘር የኛ ሰሜን ተራራ ላይ ያለው የአስታ ዘመድ ነው፣ እንደሱ ቶሎ ይያያዛል)፣ ነዶ ያልፋል። ጉዱ ከስሩ ያለው ፒት ነው። ጥቁር አፈር ይመስላል እንጂ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ በደንብ ሳይበሰብስ የተከማቸ ተክል ነው፣ በዓመት 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚጨምረው፣ ስለዚህ አንድ ሜትር ፒት የሺህ ዓመት ክምችት ነው፣ የምትረግጪው ማገዶ ነው በአጭሩ። እርጥብ ሆኖ ቢቀር ችግር አልነበረውም። እዚህ አካባቢ ግን የድሮ የማንቸስተር ፋብሪካዎች ጭስ ውሃ ይዞ የሚያቆየውን ስፋግነም የሚባል ሞስ (እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚመጥ ትንሽ ተክል) ገደለው፣ በዛ ላይ ውሃው እንዲወርድ ቦይ ተቆፈረ፣ ከዛ አንድ ደረቅ በጋ ሲመጣ በቃ። ከ2003 ጀምሮ ሙርስ ፎር ዘ ፊውቸር የሚባሉት ሞሩን መልሰው የሚያለሙ ሰዎች ቦዩን እየደፈኑ ሞሱን መልሰው እየተከሉ ነው፣ ጎበዞች ናቸው፣ ግን ስራው ገና ብዙ ነው።

2. በምን ይነሳል ላልሽው፣ ነበልባል እንኳ አያስፈልገውም፣ ፍም ይበቃዋል። ማርስደን ሞር ላይ በ2019 ኤፕሪል ለተነሳው እሳት ምክንያቱ ተጥሎ የቀረ ባርቢኪው ነው የተባለው፣ 700 ሄክታር ነው የሄደው። የኛም ሰው ይስማ፣ በጋ ላይ ተሰብስበን ወጥተን ጥብሱ ሲያልቅ ቡናው ሲፈላ ፍሙን ሳሩ ላይ ደፍተን ትንሽ ውሃ ጠብ አርገን የምንሄደው ነገር እዛ አይሰራም። ስንት ጊዜ ተናግሬ «አንተ ደግሞ አካበድከው» ተብያለሁ።

3. አካሄዱ ከገባሽ ሌላው ሁሉ ይገባሻል። እናቶቻችን ማታ እሳቱን አመድ አልብሰው ያዳፍኑትና ጠዋት ገለጥ ሲያረጉት ፍሙ እንዳለ ይገኝ የለ? ፒትም እንደዛ ነው፣ ላዩ ራሱን ያዳፍነዋል፣ ሙቀቱ አይወጣም፣ ትንሽ አየር ካገኘ ይበቃዋል። በሰዓት ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው የሚሄደው፣ ግን ውስጡ ከ500 እስከ 700 ዲግሪ ይደርሳል፣ ከፊቱ ያለውን እርጥብ ፒት ራሱ እያደረቀ ነው የሚቀጥለው፣ የራሱን ደረቅ ክብደት የሚያክል ውሃ የያዘ ፒት ሁሉ ሊቃጠል ይችላል። ዝናቡስ ካልሽኝ፣ አንዴ በጣም የደረቀ ፒት ውሃ አይጠጣም፣ ላዩ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ ቀለል ያለ ዝናብ አቧራውን አጥቦ ነው የሚሄደው። አላስካና ሰሜን ካናዳ ውስጥ በረዶ ስር ክረምቱን አሳልፎ በጸደይ ብቅ የሚል አለ። እኛ ጋ በ2018 ጁን 24 ተነሳ፣ በ26 ሜጀር ኢንሲደንት (ከባድ አደጋ) ተባለ፣ ካርብሩክ የምትባል መንደር ያሉ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ፣ 100 ያህል ወታደር መጣ፣ ሄሊኮፕተር ውሃ ሲደፋ ዋለ፣ እንዲያም ሆኖ ሳምንታት ፈጀ። ኮረብታ የሚያህል ውሃ ከላይ ቢደፋበት ከስር የሚሰራው ስራውን ይሰራል።

4. ጭስ ካየሽ ሪፖርት አርጊ፣ ግን ለማን እንደሆነ ልንገርሽ፣ እኔ የተናደድኩት እዚህ ጋ ነው። ሁሉም ወደ ስራው ከተመለሰ በኋላ ከመንገዱ ሳልወጣ ስሄድ አረንጓዴ ሳር መሀል ቀጭን ጭስ አየሁ፣ ሽታው ደግሞ የታወቀ ነው፣ የሳር ጭስ አይደለም፣ ከበድ ይላል። መሬቱ የሚመለከተው ቢሮ ደወልኩ (ስሙን አልጽፍም ያው ታውቋቸዋላችሁ)። ልጅቷ «ኢንሲደንቱ ክሎዝድ ነው የሚለው» አለችኝ፣ ጉዳዩ ተዘግቷል ማለቷ ነው። ሲስተሙ ላይ ነው የተዘጋው ወይስ መሬቱ ላይ አልኳት። ጭጋግ ሊሆን ይችላል አለችኝ፣ በጁላይ፣ በእኩለ ቀን! ከዛ ሙዚቃ፣ ከዛ ሌላ ዲፓርትመንት፣ እዛ ያለው ሰውዬ ደግሞ አነጋገርህ አልገባኝም ብሎ ስሜን ሶስት ጊዜ ፊደል በፊደል አስነገረኝ፣ ጭሱ የት እንደሆነ ግን አንዴም አልጠየቀኝም። ከዛ ነፋስ ተነሳና ከዛችው ቦታ ነበልባል ወጣ፣ የአንድ ገበሬ አጥር ሄደ፣ ያኔ ነው ክሎዝድ የነበረው የተከፈተው።

የፋየር ሰርቪሶቹ ልጆች ግን ይባረኩ። አንዱ ትልቅ ሰውዬ ተርማል ካሜራውን (ሙቀት የሚያሳየውን) አሳየኝ፣ ምንም ያልነካው የሚመስለው ሳር ስክሪኑ ላይ ነጭ ነው፣ ስሩ ግሏል ማለት ነው! ረጅም ብረት ቱቦ መሬት ውስጥ ሰክተው ውሃውን ከስር ነው የሚለቁት፣ ውሃው ፒቱ ውስጥ እንዲገባ ሳሙና ነገር ይጨምሩበታል፣ ከዛ ይቆፍራሉ፣ ይገለብጣሉ፣ እንደገና ያጠጣሉ። ቦታውን ያሳየኸን አንተ ነህ? ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ሳትረግጠው መቆምህ ጥሩ ነው አለኝ፣ ምክንያቱም ላዩ ደህና ሆኖ ስሩ ተበልቶ አመድ ብቻ የሆነ ጉድጓድ ይኖራል፣ እግር ሰተት ብሎ ነው የሚገባው። ልጆች ይዘሽ አትውጪ ያልኩሽ ለዚህ ነው፣ ውሻም ካላችሁ እንደዛው።

5. ማታ ለምን ይብሳል ላልሽው፣ ይሄ ጭስ እንደ ነበልባል ጭስ ሽቅብ አይወጣም፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ሲመሽ ከቀዝቃዛው አየር ጋር ሸለቆውን ተከትሎ ወደ ቤቶቹ ይወርዳል። ከመምሸቱ በፊት መስኮት ዝጊ፣ ቀን ነፋስ ሲኖር ክፈቺ። ሰማያዊዋ የሃኪም ማስክ ለዚህ ዋጋ የላትም፣ ኤፍኤፍፒ2 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራው ማስክ ይሻላል። አስም ያለበት ልጅ ካለሽ ፓፉ ከእጅሽ አይለይ፣ ሳሉ ካልተወው 111 (የጤና ምክር መስመሩ) ደውዪ፣ ትንፋሽ ካጠረው ግን ቀጥታ 999 (የድንገተኛ አደጋው)።

ጭሱን ለማሳወቅም 999 ነው፣ ፋየር ሰርቪስ በያቸው፣ ዋት ስሪ ወርድስ የሚባለውን፣ የቆምሽበትን ቦታ በሶስት ቃል የሚነግርሽን አፕ ስልክሽ ላይ ጫኚና ሶስቱን ቃል ንገሪያቸው፣ ሞር ላይ አድራሻ የለም። ቢሮው ጋ መደወል ካለብሽ ደግሞ ሪፈረንስ ቁጥር ሳትቀበዪ ስልኩን እንዳትዘጊ፣ እኔ በኋላ ቅሬታ ሳስገባ መደወልህን የሚያሳይ ነገር የለንም ነው ያሉኝ፣ ደግነቱ የስልኬ ሂስትሪ ላይ 40 ደቂቃ ያናገርኳቸው ተመዝግቦ ነበር።