ወተት አዳዮቹ ሱቅ ሲከፍቱ

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ?

ሰሞኑን «ጋሼ፣ ሱቅ ልከፍት ነው፤ ምን ይመክሩኛል?» የምትሉኝ በዝታችኋል። እዚህ ፊላደልፊያ ሠላሳ ዓመት የሰው ሒሳብ ስሠራ ስንቱ ሱቅ ሲከፈት፣ ስንቱ ሲዘጋ አየሁ። ዛሬ ግን ጠዋት ጠዋት ቡና ስለምቀዳባት ሱቅ፣ ስለ ዋዋ ላውራችሁ።

ዋዋ መጀመሪያ እዚሁ ፔንሲልቬንያ ያለ የቦታ ስም ነው። ቃሉ ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የኦጂብዌ ሕዝብ ቋንቋ ሲሆን የዱር ዝይ ማለት ነው፤ የሱቋ ምልክት ላይ የምትበረዋም እሷው ናት። ጆርጅ ዉድ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ የወተት ማቀነባበሪያ ከፈተ። ወተቱ በጠርሙስ ሆኖ በየሰዉ ደጃፍ ይታደል ነበር። በኋላ ፍሪጅ መጣ፣ መኪና መጣ፣ ሱፐርማርኬት መጣ። ወተት አዳይ ማን ይጠብቅ?

የዉድ ቤተሰብ ግን ልብ አለ። ሰዉ ወተት መጠጣቱን አልተወም፤ የተወው ደጃፍ ላይ መጠበቁን ነው። የልጅ ልጁ ግራሃም ዉድ በ1964 ፔንሲልቬንያ፣ ፎልሶም ላይ አንዲት ሱቅ ከፈተ። ዋና ሥራዋ የራሳቸውን ወተት መሸጥ ነበር። በ1970ዎቹ ቡና ጨመሩ፣ በ1996 ትልልቅ ነዳጅ ማደያ። ዛሬ ከ1,000 በላይ ሱቅ አላቸው። ከድርጅቱ 40 በመቶ ገደማው የሠራተኞቹ ድርሻ ነው። (ይህን የሰማሁ ቀን ገንዘብ ተቀባይዋን በሌላ ዓይን አየኋት።)

እኔስ? እኔም ከጓደኛዬ ጋር አንድ ሱቅ ነበረን። የአገር ቤት ድራማ በካሴት እናከራይ ነበር፣ ጥግ ላይ ደግሞ እንጀራ። ዩቲዩብ ሲመጣ ካሴት የሚጠይቅ ጠፋ። እኔ ግን ሙጭጭ አልኩ፤ መደርደሪያ ጨመርኩ ብላችሁ ታምናላችሁ? ጓደኛዬ «ሰዉ እኮ አሁንም እየመጣ ነው» ሲለኝ አልሰማሁትም። ሲመጣ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ ይዞ ይወጣል። የሰው ሒሳብ የምሠራ ሰውዬ የገዛ ሱቄን ደረሰኝ አላነበብኩም።

እናንተ አንብቡት። ማታ ሱቅ ስትዘጉ አሥር ደቂቃ ተቀመጡና ሰዉ ምን ይዞ እንደወጣ ቁጠሩ። የምትወዱት ዕቃ ከዝርዝሩ ከጠፋ አትናደዱ፤ ቦታውን ለሚሸጠው ልቀቁለት።

እኛ በሁለተኛው ዓመት ዘጋን። እንጀራውን ማዶ ያለው ሱቅ ያዘው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም ተሰልፌ ከዚያ እገዛለሁ።