«ወተቴ አይበቃውም መሰለኝ»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ጡት ብቻ ነው የማጠባው። ችግሩ ግን ማታ ማታ ጠብቶ ሳይቆይ እንደገና ያለቅሳል፣ ጡቴም እንደ መጀመሪያው ሳምንት አይወጠርም። በፓምፕ ሳልበው ደግሞ የሚወጣው ጠብታ ነገር ነው። አማቴ «ልጁ እየተራበ ነው፣ የዱቄት ወተት ጨምሪለት» ይሉኛል። እውነታቸውን ይሆን እንዴ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ! ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅሽ። ዳይፐሩን በቀን ስንቴ ትቀይሪያለሽ? ይህን ሁሉ ስትጽፊ እሱን ዘለልሽው፣ ዋናው ምልክት ግን እሱ ነው። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 እና ከዚያ በላይ በደንብ የረጠበ ዳይፐር ካለ፣ ሽንቱም ነጣ ያለ ከሆነ፣ ልጁ እየጠገበ ነው። ያልገባ ነገር አይወጣም።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ይቀንሳሉ፣ አብዛኞቹ በ2 ሳምንት ገደማ ወደ ተወለዱበት ይመለሳሉ። ስለዚህ ውሰጂና አስመዝኚው። ለአንቺም ለአማትሽም ከክርክር ይሻላል።

የማታው ለቅሶስ? በዚህ ዕድሜ አመሻሽ ላይ በላይ በላዩ መጥባት በጣም የተለመደ ነው፣ አድካሚ ነው እንጂ የረሃብ ማስረጃ አይደለም። በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባትም ያለ ነው። የጡትሽ መለስለስ ደግሞ ሰውነትሽ የልጁን ልክ እየለመደ መሆኑን ነው የሚያሳየው። ፓምፑንማ ተይው፣ ሕፃን የሚስበውን ያህል አይስብም፣ በእሱ ራስሽን አትለኪ።

አሁን ዱቄት ወተቱ ላይ ልምጣ። ወተት የሚመረተው ጡት በባዶነቱ ልክ ነው፤ ልጁ ጡጦ ጠጥቶ ሲተኛ አንድ ጊዜ መጥባት ይዘለላል፣ ጡትም «አልተፈለግኩም» ብሎ ይቀንሳል፣ ከዚያ እውነትም አነሰ ይባልና ሁለተኛ ጡጦ ይመጣል። ብዙ እናት ወተቷ የሚያንሰው እንዲህ በፍርሃት በተጀመረ ጡጦ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌሊት ማጥባቱንም አትዝለይው፣ ወተት የሚያመርተው ሆርሞን ሌሊት ከፍ ይላል።

አያያዙንም እስቲ እዪው። ሆዱን ከሆድሽ አጣብቂው፣ አፍንጫውን ከጡትሽ ጫፍ ትይዩ አድርጊውና አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠብቂ፤ ሲከፍት አንቺ ወደ እሱ አትጎንበሺ፣ እሱን ወደ አንቺ ሳቢው። አገጩ ጡትሽን ይንካ፣ ከጫፉ ዙሪያ ያለው ጠቆር ያለው ክፍልም ከታችኛው ከንፈሩ በታች ይልቅ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ በዛ ብሎ ይታይ። ከዚያ ጆሮሽን ስጪ፦ ሳብ፣ ሳብ፣ ዋጥ። መዋጡ ከተሰማሽ ወተት እየገባ ነው። ሲጠባ እስከ መጨረሻው የሚያምሽ ከሆነ ግን አያያዙ ልክ አይደለም፣ ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂውና እንደገና ሞክሪ። ካልሆነ አዋላጅ ነርስ አጠገብሽ ተቀምጣ ስታጠቢ ትይልሽ።

ለአማትሽ «አይሆንም» ከማለት ሥራ ስጪያቸው። ከጠባ በኋላ ያስገሱት፣ አንቺ ተኚ። ጭንቀትና ድካም ወተቱ ቶሎ እንዳይወርድ ሊያዘገዩት ይችላሉ፣ ግን አያጠፉትም።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም፣ እውነትም ወተት የሚያንሳቸው እናቶች አሉ። ዳይፐሩ ከቀነሰ፣ ክብደቱ ካልጨመረ፣ ለመጥባት እንኳን አልነቃ ካለ ወይም ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ከሆነ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ። ትኩሳት ካለውማ አንድ ሰዓትም አትጠብቂ። አንቺም ትኩሳት ካለሽና ጡትሽ ቀልቶ ካመመሽ እንደዚያው። ሐኪሙ አይቶ ተጨማሪ ወተት ይሰጠው ካለ ይሰጠው፣ ያኔም ጡቱን አታቋርጪ።