መልስ፦ ሁሉንም ተማሪ ያካተተ የክፍል አያያዝና ረዳት መምህራንን ማገዝ

ጠያቂያችን፣ ሁለተኛ ዲግሪዎን እየተማሩ ማስተማር እንደጀመሩ፣ በክፍልዎ ከተለያዩ ክልሎች የመጡና ዓይነ ስውራን ተማሪዎች እንዳሉ፣ አዲስ ረዳት መምህራንን እንዲያግዙም እንደተጠየቁ ጽፈው ከምን እንደሚጀምሩ ጠይቀዋል። መልሴ ከማስተማሪያ ጽሑፉ ይጀምሩ የሚል ነው።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ክፍል ውስጥ ግን ብዙው ነገር በመምህሩ እጅ ነው። ከመጽሐፍ ፎቶ ተነሥቶ በፒዲኤፍ የሚላክ ማስታወሻን እንደ ጃውስና ኤንቪዲኤ ያሉ፣ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ የስክሪን ንባብ ሶፍትዌሮች በአግባቡ ሊያነቡት አይችሉም፤ በዎርድ ተተይቦ ርዕሶቹ ከተለዩ ግን ተማሪው በቀላሉ ይከታተለዋል። ሰሌዳ ላይ ሲጽፉም «ይህንን ለዚህ ስናካፍለው» ከማለት ይልቅ «ጠቅላላ ወጪውን ለምርቱ ብዛት ስናካፍለው» ይበሉ፤ ከኋላ የተቀመጠውም ተማሪ ይጠቀማል።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ አልገባ ሲል ወደ አማርኛ መዞር የተለመደ ቢሆንም፣ አንደኛ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ወይም በሲዳምኛ ተምሮ ለመጣ ተማሪ ያ ማብራሪያ አይደርሰው ይሆናል። እኔ የምመርጠው እንግሊዝኛውን በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ደግሞ ማስረዳትን፣ ከዚያም ተማሪዎቹ በሚቀናቸው ቋንቋ ለጥቂት ደቂቃ ተወያይተው እንዲመለሱ ማድረግን ነው።

ረዳት መምህራኑን ሲታዘቡ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይመልከቱ፤ ለምሳሌ ማን እንደጠየቀና ማን ዝም እንዳለ። ያዩትንም ለትምህርት ክፍል ኃላፊው ሳይሆን ለራሳቸው፣ በዚያው ቀን ይንገሯቸው፤ እገዛው ግምገማ ከመሰላቸው ችግራቸውን አያወጡልዎትም።