ቢዝነስ ተምሮ ሥራ መፈለግ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጠይቁኝ ስል እንዲህ ትዘንቡብኛላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ለማታውቁኝ፦ አካውንቲንግ የተማርኩት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ባንክም ኦዲትም ሠርቻለሁ። አሁን አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ፋይናንስ ላይ ነኝ፤ ጀማሪ ስንቀጥር ፈተናውን የማወጣውም እኔ ነኝ።

«እህቴ፣ የ3ኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ፣ ግሬዴ 3.6 ነው። ለሥራ ይበቃኛል?»

ለመጠራት ይበቃሃል። ጀማሪ ሲፈለግ አመልካቹ ስለሚበዛ ብዙ ቦታ መጀመሪያ በግሬድ ይቆርጣሉ። ካለፍክ በኋላ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔ ለፈተና የምሰጠው አንድ ገጽ የባንክ ስቴትመንትና የድርጅቱን የባንክ መዝገብ ነው። ሁለቱ የት ላይ እንደሚለያዩ ፈልገህ አስታርቅ እላለሁ። ሁሉም ክፍል ውስጥ ሠርቶታል፣ ግን የክፍሉ ጥያቄ መጨረሻ ላይ እንዲገጥም ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ የኔው አይገጥምም፣ ሆን ብዬ ስህተት አስገብቼበታለሁ፣ እና ብዙው ልጅ እዚያ ላይ ላብ በላብ ይሆናል።

«ኢንተርንሺፕ ምን ይጠቅማል? ጓደኞቼ ማኅተም አስመትተው ቤታቸው ነው የሚቀመጡት።»

አውቃለሁ። አንዳንዱ አማካሪም አንድ ቀን ብቅ ሳይል ማርክ ይሰጣል። እንዲህም ሆኖ ትምህርት ክፍሉ ከሚሰጣችሁ ሁሉ ለሥራ የምትቀርበው ለኢንተርንሺፕ ቢሮ የምታስገባችሁ የትብብር ደብዳቤ ናት። ከተመረቃችሁ በኋላ «ልይና ልማር» ብላችሁ የሰው ቢሮ መግባት ቀላል አይደለም።

እኔ በተመደብኩበት ቢሮ የመጀመሪያው ሳምንት ቫውቸርና ደረሰኝ በየቀኑ ስደረድር አለፈ። ተናድጄ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የባንኩ ሒሳብ በ2,700 ብር አልገጥም አለ። ሦስት ሰው ፈልጎ አጣው። አንድ አዛውንት ሒሳብ ሠራተኛ ካልኩሌተራቸውን ሳብ አድርገው ለ9 አካፈሉት። 300 መጣ፣ ትርፍ የለውም። «ቁጥር ተገላብጧል፣ ከደረደርሽው ውስጥ ፈልጊ» አሉኝ። ፈለግኩ። ቫውቸሩ 5,200 ይላል፣ መዝገቡ ላይ 2,500 ተብሎ ገብቷል። ለካ ሁለት አኃዝ ቦታ ሲቀያየር ልዩነቱ ሁሌም ለ9 ያለ ትርፍ ይካፈላል። ያን ሁሉ ዓመት ስማር ይህችን የነገረኝ መምህር አልነበረም።

«ኤግዚት ኤግዛምስ?»

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ የመውጫ ፈተና 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም፤ ስለዚህ ክርክር የለውም፣ እለፉት። ጥቅሙ የ2ኛ ዓመቱን ኮርስ እንደገና ማስከፈቱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ የመጨረሻው ሴሚስተር በምርጫ ጥያቄ ማለቁ፤ ቢሮ ውስጥ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ የሚያቀርብላችሁ አለቃ የለም።

«ፒችትሪ ልማር ኤክሴል?»

ኤክሴል። ፒችትሪ፣ የሒሳብ መዝገብ መያዣው ሶፍትዌር፣ ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ቆይቷል፣ የኛ ሀገር ማስታወቂያ ግን ዛሬም «ፒችትሪ የሚችል» ነው የሚለው፣ ይሁን። አንድ ወር ከተቀመጥሽበት ትለምጂዋለሽ። ኤክሴል ላይ የ20 ሰው ደመወዝ ከባዶ ሠርተሽ ሞክሪ፦ የሥራ ግብር፣ ከሠራተኛው 7 ከመቶ ጡረታ፣ ከድርጅቱ 11 ከመቶ። ሃንድአውቱን ብቻ እንዳታምኚ። ከግብር ነፃ የሆነው የመጀመሪያው 600 ብር ነው የሚል ወረቀት እስካሁን ይዞራል፤ በ2017 መጨረሻ በወጣው ማሻሻያ 2,000 ሆኗል። ፈተና ላይ በ600 ሠርቶ የሚሰጠኝ ልጅ ሁሌም አለ፣ ያሳዝነኛል።

«ልጄ ማኔጅመንት ደርሷት ታለቅሳለች። ምን ልበላት?»

ጋሼ፣ እንባዋን ይጥረጉላት። ማኔጅመንት ስሙ ሰፊ ስለሆነ ነው የሚያስፈራው። ከአሁኑ አንዱን ጥግ ትያዝ። የሰው ኃይል ከወደደች የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ን አውርደው ይስጧት፣ ቁጭ ብላ ታንብበው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንደማይበልጥ ሳያውቅ ለሰው ኃይል ሥራ የሚያመለክት ስንት ምሩቅ አይቻለሁ መሰለዎት።

«ኮሜርስ ይሻላል ኤፍቢኢ?»

ይሄ ጸብ ከኔም በፊት ነበር። ኮሜርስ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ፣ ኤፍቢኢ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ፋኩልቲው፣ ሁለቱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ኮሜርስ በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው ለመሥሪያ ቤቶች የሚሆን ጸሐፊና ሒሳብ ሠራተኛ ለማፍራት ነው፣ ተማሪውን በተግባር እጁን ማፍታታት ያኔ የመጣ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ትልቁ ጥቅሙ ሰፈሩ ነው። ሰንጋ ተራ ከግቢው ስትወጡ የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ማመልከቻ ይዞ በእግር ማዳረስ ይቻላል።

«ሰው ከሌለህ ሥራ የለም የሚባለውስ?»

ግማሹ እውነት ነው፣ አልዋሻችሁም። አንድ ቦታ ፈተና አንደኛ ወጥቼ ሌላ ሰው ገብቶበታል፣ ስሙን ተዉት። ግን «ሰው» ሲባል አጎት ብቻ አይምሰላችሁ። ባንክ የገባሁት ከኔ አንድ ዓመት ቀድማ የወጣች የግሩፕ ወርክ ጓደኛዬ ማስታወቂያው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ስለደወለችልኝ ነው። ለምን ደወለችልኝ? አሳይመንቱን ሌላው ሲጠፋ እኔ ስለማልጠፋ። ግሩፕ ውስጥ ስሙን ብቻ የሚያጽፈውን ልጅ ማን ይደውልለታል?

«ለቃለ መጠይቅ ሱፍ ግድ ነው?»

አይደለም። የተተኮሰ ሸሚዝ ይበቃል። ካልኩሌተር ግን ይዛችሁ ኑ፣ ስልክ አላስነካም።